የጦም ዋጋ

ጥቅምት ላይ፣ ስንዴው በቅሎ ገና ሣር ሲመስል፣
የኬልሶ ገበሬ ከመስኮቴ ፊት ይሰለፋል፤
ባርኔጣውን በእጁ፣ ጭቃውን በጫማው፣
መንግሥትን ሊጠይቅ መጥቶ፣ እኔን ነው የሚያየው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ነው እዚህ የተቀመጥኩት፣
የካንሳስን ሜዳ በወረቀት ያረስኩት፤
የስንቱን ማሳ ልክ፣ የስንቱን ዕዳ ቁጥር
ይዤ እገባለሁ ቤቴ፤ ለባሌም አልናገር።

አርሎ ዊቢ መጣ።
ጧት ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እንቁላል እየቆረሰ፣
«መንግሥት እጁን ያንሣ!» እያለ፣
ጠረጴዛ ሲደልቅ ቡናውን ያፈሰሰ፤
እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ድምፁ ይለሰልሳል፣
በመስኮቱ ቀዳዳ ጠጋ ብሎ «ገባ ወይ?» ይለኛል።
«ገባ፣ አርሎ። ገብቷል።»
ያ የመንግሥት እጅ፣ እንዲያ የረገመው፣
ሌሊት በባንክ በኩል ገብቶ ኪሱን ዳሰሰው።

ላመረተው አይደለም። ከዘጠና ስምንት ወዲህ
አንድ ፍሬ ስንዴ አልወደቀበትም እዚህ፤
መሬቱ ጦም አዳሪ ነው፤ ሣር ለብሶ ይተኛል፣
ቆቅ ይፈለፍልበታል፣ አጋዘን ያድርበታል።
አፈሩ እንዳይሄድ ነው፣ ነፋስ እንዳይወስደው፣
ያ የድሮው ጥቁር አቧራ ሰማዩን ዳግም እንዳይጋርደው።
ምክንያቱን አልነቅፍም። ያን አቧራ አባቴ
በእርጥብ አንሶላ መስኮት ዘግቶ እንዳሳለፈው
ነግሮኛል በልጅነቴ።
ግን ሰው ሲጦም ይከሳል፤
መሬት ሲጦም፣ ባለቤቱ ይወፍራል።
«ድጎማ» ይሉታል፤ እኔን ድግምት ይመስለኛል፣
ባዶ ማሳ ላይ ሲደገም ገንዘብ ያበቅላል።

አርሎ ውሉን ሊያድስ ብዕር ጠየቀኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ስሙን እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈው።
«ማን ቀድሞ ያልቃል፣» አለኝ ሲስቅ፣ «ውሉ ነው ወይስ እኔ?»
ማኅተሙን መታሁ። ሳልመልስ፣ አቀርቅሬ በዓይኔ።

ላቮን ኔፍ የመጣችው መስኮቱን ልዘጋ ስል ነው።
ጓንቷን አላወለቀችም።
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መሬት ተከራይታ፣
ድንጋዩን ለቅማ፣ ቦዩን ጠርጋ፣ አጥሩን አቃንታ፣
ዴንቨር ያለ የጥርስ ሐኪም፣ የመሬቱ ጌታ፣
በአንድ ደብዳቤ ቆረጠ፤ ማሳው ጦም እንዲገባ፣
ዋጋውም በየዓመቱ ከእሱ ባንክ እንዲገባ።
«ቅፅ አለ ወይ፣» አለችኝ፣ «እንዲህ ላለ ነገር?»
ለበረዶ አለን፤ ለድርቅ፣ ለጎርፍ፣ ለሞተ ንብ ቁጥር፣
ለገበያ መውደቅ፣ ለዘገየ ዝናብ፣ ለታመመ ከብት፤
አርሳ ለተባረረች ግን የለም አንድ ወረቀት።
እያወቅኩ፣ መሳቢያውን ሁለቴ ከፈትኩት።

ሐሙስ ዕለት ጋዜጣው ዝርዝሩን አወጣ፣
ስም ከነገንዘቡ፤ ለኬልሶ ሰው ጣጣ።
አርሎ ዊቢ አርባ አንድ ሺህ። ሐኪሙ ስልሳ ሁለት።
ላቮን የለችበትም፤ ፊደሉን ተከትዬ ብፈልጋት ብፈልጋት።
እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ቀዘቀዘ፤
ዓይን ዓይንን ሸሽቶ ጣሪያ ላይ ፈዘዘ፤
በር ላይ አርሎ የላቮንን እጅ ለሰላምታ ያዘ፣
«እኔ እኮ...» አለ። የጀመረው ዓረፍተ ነገር
እስካሁን እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሟል መሰለኝ፣ ሳይቋጭ፣ ሳይታሰር።

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።
«ታውቂ ነበር።» ማንም አላለም። ግን ተሰማኝ።
አዎ፣ አውቅ ነበር። እኔም ጦም አዳሪ ነኝ፤
ምላሴ ሣር ለብሷል፣ ዘር ካየ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣
ወር በገባ ቁጥር ከዚያው ከረጢት ነው የሚከፈለው።

ማታ በላቮን ማሳ በኩል አለፍኩ፣ መኪናዬን አዘግይቼ።
የራሷ ስለሆነ፣ አጥሩን እየነቀለች
እሾሃማ ሽቦውን በጉልበቷ ትጠቀልላለች።
እንደ አገሩ ወግ፣ አንድ ጣቴን ከመሪው ላይ አነሣሁ።
እሷ ሁለቱም እጇ ሥራ ይዞ ነበር።